ለአንድ ዶሮ እግር የቆመ ችሎት

እኔ ታንጉትና ሀብትነሽ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ አጥር ተጎራብተን ሃያ ዓመት ኖረናል። ባሏ ከሞተ፣ ሴት ልጇም ደምበጫ ከተዳረች ወዲህ ቤቷ ውስጥ የቀራት አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ ነበር። እናቱን ጭልፊት ሲወስድበት፣ ጫጩቱን ቅርጫት ውስጥ ጥጥ አንጥፋ አሳደገችው። “ጓዴ” ስትለው ከየትም ሮጦ ይመጣል፤ ጥጥ ስትፈትል እግሯ ሥር ይተኛል። ሰው ሲስቅባት “ይሳቅ፤ እኔን ምን ጎደለኝ?” ትል ነበር።

በሃምሳ ሰባት ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ለግብር ሥራ ከከተማ ሹም ይመጣል ተባለና ጭቃ ሹሙ ከየቤቱ ዶሮ፣ እንቁላልና ቅቤ እንዲወጣ አዘዘ። እንግዳው አንድ፣ ቤቱ መቶ! የሚተርፈው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንናገርም እንጂ። ሰብሳቢው ዘሩ የሚባል የጭቃ ሹሙ አሽከር ነበር። ሀብትነሽ እንቁላሉንም፣ ቅቤውንም፣ አንዲት ቄብም አዘጋጅታ ጠበቀችው። የሱ ዓይን ግን አውራ ዶሮው ላይ አረፈ።

“ይኼን ያዥልኝ” አላት። እናቱ የምትሆነውን ሴት “አንቺ” ብሎ።

“እሱን አልሰጥም። ቄቧ ይችውልህ።”

“መራጩ እኔ ነኝ” ብሎ ገፍቷት ግቢው ገባ።

ዶሮው ደንግጦ በአጥሩ ሥር ሊሾልክ ሲል ዘሩ አንድ እግሩን አፈፍ አደረገው። እሾህ መሀል የተሰነቀረውን እንስሳ ጠምዝዞ ጎተተው። አጥንቱ ቀጭ ሲል እኔ ከጓሮዬ ሰምቻለሁ። ዓይኑን የጣለበት ዶሮ እግሩ ተንጠልጥሎ፣ ቆዳው ተገፎ ሲያየው “ሰባራ ለእንግዳ አይቀርብም” ብሎ ወረወረው። ከዚያ ቄቧን አንጠልጥሎ ሄደ። እንቁላሉንና ቅቤውንም አልማረም።

ሀብትነሽ አላለቀሰችም። ዶሮውን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ወጌሻው ወደ አያ እንዳለው ሄደች፤ እኔም ተከተልኋት።

“ይኼማ ይታረዳል እንጂ ይታሻል?” አሉ አያ እንዳለው።

“የአንቱን እግር በሬ ቢረግጠው እንዲህ ይባላል?” አለቻቸው።

ሽማግሌው አፈሩ። ቀርከሃ ፍቀው፣ አጥንቱን በቀስታ አገጣጥመው አሰሩላት።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ እሱ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውኃ ታጥባለች፤ ማር ትቀባለች፤ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ትጠቀልለዋለች። እንዳይረግጥበት ቅርጫት ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ አስተኛችው፤ ገብስ አርሳ በእጇ አጎረሰችው። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ጣቱ ጠቁሮ ሸተተ። “ተይው፤ አይድንም” ብያታለሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ጣቱ በራሱ ጊዜ ወደቀ። የቀረው እግር ግን ደረቀ፤ ከሁዳዴ አጋማሽ በኋላ ዶሮው እያነከሰ ቆመ።

የዚያን ሳምንት ዶሮዋን ታቅፋ አጥቢያ ዳኛው አቶ ይርሳው ፊት ቀርባ ዘሩን ከሰሰች። ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ዘሩም ከነሱ ጋር ሳቀ።

“ምትኩን እሰጣለሁ” አለ።

“እንግዲያው ምን ቀረሽ?” አሏት ዳኛው። “ሌላ አውራ ዶሮ ይሰጥሻል።”

“ዶሮ አጥቼ አልመጣሁም፣ ጌታዬ። እኔን ገፍትሮ ቤቴ ገባ። እምቢ ስላልሁት ነፍስ ያለውን ፍጡር ሰብሮ ወረወረ። ያደረገውን እዚህ ሰው ፊት በአፉ ይናገር።”

ጭቃ ሹሙ ከተቀመጠበት “ሥራ ላይ ነበር፤ እንግዳ ሊርበው ነው?” አለ።

ይኼን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሳላስበው ተነሣሁ። “የኔንም በር ገፍቶ ገብቷል። ለልጄ አራስ ቤት ያኖርሁትን ዶሮ ነው የወሰደው” አልሁ። ከኋላዬ ጎረቤታችን ንግሥቴ ተነሣች፤ ከዚያም ሌሎች ሴቶች። ሳቁ ቆመ። ዳኛው ዘሩን “ተናገር” አሉት።

ዘሩ መሬት መሬት እያየ “ገፍቻት ገባሁ። እግሩን ይዤ ጎተትሁት። እምቢ ስላለችኝ ተናድጄ ነው” አለ።

ሀብትነሽ ምትኩን ሳትቀበል ዶሮዋን ይዛ ወጣች። ያዘዘው ጭቃ ሹም ግን አንድ ቃል እንኳ ሳይጠየቅ ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ዶሮው ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። ቆጥ ላይ መዝለል ስላልቻለ፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ያለ ቆጥ ሠርታ ጨርቅ ጠመጠመችለት።

ከችሎቱ በኋላ በመጣው ጥር እንደገና “ዶሮ አውጡ” ተባለ። ዘሩ የሀብትነሽን ደጅ ዘሎ ወደኔ ሲመጣ አየችው። እፎይ ብላ የምትቀመጥ መስሎኝ ነበር። መቋሚያዋን ይዛ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆመች።

“እኔን ስለ ምን ዘለልኸኝ?” አለችው። “የኔ ቤት በር ካለው የታንጉት ቤትም በር አለው።”

ዘሩ ወደ ንግሥቴ ቤት ዞረ። ሀብትነሽም መቋሚያዋን እየተመረኮዘች ወደዚያው ቀደመችው፤ እኔም በሬን ዘግቼ ተከተልኋት።