ፔናንግ ላይ እቴቴ የገቡበት ቤት

ሰሞኑን ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ሁለት ወጣቶች አጥር ላይ ሥዕል ሲሥሉ አየሁ። የወላይታ ባህላዊ ልብስ፣ ዱንጉዛ የለበሰች ሴት ናት፤ ፊቷ ገና አላለቀም። መንገደኛው እየቆመ አስተያየት ይሰጣል። እኔም ቆምኩ፤ ሐሳቤ ግን ባሕር ተሻግሮ ፔናንግ ገባ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ አሰለፈች ሶዶ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ዕቃ ሊገዙ ማሌዥያ ሲሄዱ እንዳስተረጉምላቸው ይዘውኝ ሄዱ። ሥራው ቶሎ አለቀ። ፔናንግ የምትባል የወደብ ከተማ ግድግዳዎቿ በሥዕል ያጌጡ ናቸው ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው።

"ግድግዳ ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ?" አሉ። ግን መጡልኝ።

የድሮው ሰፈር ቤቶች ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ ነው። የመስኮቶቹ ቀለም ተላልጧል። መንገድ ዳር ሩዝና ዓሣ ይጠበሳል፤ ሙቀቱ አየሩን ራሱን የቀቀለው ይመስላል። አንድ ግድግዳ ላይ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ የሚመስሉ ሁለት ሕፃናት ተሥለዋል። ፎቶ ለመነሣት ሰልፍ ነበር፤ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ፣ ተነሥቼ ዞር ስል እቴቴ የሉም።

ስልክ አልያዙም። ፓስፖርታቸው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት "ሃሎ" ብቻ ነው። እየሮጥኩ "እቴቴ! እቴቴ!" ስል ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ለአባቴ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

አንዲት ጠባብ መንገድ ስገባ የውቀጣ ድምፅ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። እቴቴ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ከአንዲት አሮጊት ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ቀይ ቃሪያና ሽንኩርት ይወቅጣሉ!

"ምነው እንዲህ አላበሽ? ነይ ቅመሺ" አሉኝ። "ዳጣ ነው። ብቻ ዓሣ ዓሣ ይላል።"

ቀመስኩ። ከድንጋጤው ይሁን ከቃሪያው እንጃ፣ እንባዬ ወረደ። አሮጊቷ ሣቁና ውሃ ሰጡኝ። እንግሊዝኛ ይችሉ ነበር።

"ልጆች የላቸውም ወይ በያቸው" አሉ እቴቴ። ጠየቅኳቸው።

"አሉኝ። ዋናው ከተማ ናቸው። ወስደውኝ ነበር፤ ተመለስኩ። እዚያ በሬን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም።"

ይህን ስተረጉም እቴቴ ዘነዘናውን አስቀመጡ። የእሳቸውም ልጆች ሱቁን ዘግተሽ አዲስ አበባ ነይ እያሉ ሲወተውቷቸው ከርመዋል። እኔም ከልጆቹ ጋር ወግኜ ነበር። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ "እኔ ከሶዶ አልወጣም፤ አንቺም ለልጆቹ ንገሪልኝ" አሉኝ። ነገርኳቸው። ልጆቹ ለጊዜው ተቀየሙኝ። እቴቴ ግን በሱቃቸው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ኖረው በቅርቡ አረፉ።

የዚያ ከተማ ሥዕሎች አሁን ተምታተውብኛል። ከዚያ ቀን አብሮኝ የቀረው የማላውቀው ሰው ቤት የመግባት ድፍረት ነው። አንዳንዱ ይቆጣኛል። ባለፈው ወር ለሥራ ቤሌ ወደምትባል የወላይታ ከተማ ሄጄ ሳለሁ፣ ከአንድ ጓሮ የማላውቀው የምግብ ሽታ መጣ። በሩ ላይ ቆሜ "ምን እየሠራሽ ነው?" አልኳት ሴትዮዋን። ከላይ እስከ ታች አየችኝና በወላይትኛ "ግቢ" አለችኝ።

ገባሁ።