ያልተሳለምኩት መስቀል

ባለፈው እሁድ ልጄን ከሰንበት ትምህርት ቤት ይዣት ስመለስ፣ ሞርስ ሮድ ላይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ «ዳዲ፣ ነቢዩ ኤልያስ ትክክል መሆኑን በምን አወቀ?» ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። መብራቱ ለቀቀን፤ ከኋላዬ ጡሩምባ ተነፋብኝ። መንዳቴን ቀጠልኩ።

እኔም ያንኑ ታሪክ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እዚሁ ኮለምበስ ተምሬዋለሁ። ያስተማረን ጋሼ ታደሰ ነበር፣ ቀን ቀን ዕቃ መጋዘን የሚሠራ፣ እሁድ እሁድ ግን እሳት የሚሆን ሰው። ንጉሥ አክዓብና ኤልዛቤል እስራኤልን ለበኣል ሲያሰግዱ፣ ሰባት ሺህ ሰዎች ጉልበታቸውን አላንበረከኩም፣ ጣዖቱንም በአፋቸው አልሳሙም ብሎ ነገረን። ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን በጳጳሳት ጠብ ለሁለት ተከፍላ፣ እኛ የጋሼ ታደሰ ተማሪዎች ከአንዱ ወገን ነበርን።

«ዛሬስ ከሰባቱ ሺህ ማን አለ?» አለን ጣቱን እየቀሰረ።

እኔ አለሁ አልኩ በልቤ። በዚያ ዕድሜ አንድ ነገር ካመንኩ ምሕረት አልነበረኝም።

በወዲያኛው ወገን የቀሩት አባ ወልደ ማርያም የንስሐ አባቴ ነበሩ። እናቴና እኔ በዲቪ መጥተን ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ማንንም ሳናውቅ ስንቀመጥ፣ ማሞቂያዋ በማይሠራ አሮጌ መኪናቸው የጾም ምስር ወጥ ያደርሱልን ነበር። እናቴ ስትታመምም ሆስፒታል ያመላለሷት እሳቸው ናቸው።

የካቲት ውስጥ፣ በረዶው መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በልቶት ጥቁር ጭቃ በሆነበት ሳምንት፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ ሐበሻ ሱቅ በር ላይ አገኘኋቸው። እንደ ልማዳቸው ከካፖርታቸው ኪስ መስቀላቸውን አውጥተው ዘረጉልኝ።

«እንዴት ነህ ልጄ? እናትህስ?»

«አልሳለምም» አልኩ። «እኔ ለበኣል አልሰግድም።»

መስቀሉን ወዲያው አልመለሱትም። ሐሳቤን እለውጥ እንደሆነ ጥቂት ጠበቁኝ። እጃቸው በብርዱ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ራሳቸው ተሳለሙትና፣ «እግዚአብሔር ይባርክህ» ብለውኝ ሄዱ። ጓደኞቼ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ኮራሁ፤ ቀኑን ሙሉ ኮራሁ። እናቴ ስትሰማ ግን ለሁለት ቀን እህል አልቀምስም አለች።

አባ በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ስቴት ሄዱ፤ እዚያው አረፉ። ጳጳሳቱ ከዓመታት በኋላ ተቃቅፈው ታረቁ። ጋሼ ታደሰ ያንን ዘመን ሳነሳበት፣ «ተወው ባክህ፣ አለፈ እኮ» ብሎ ይስቃል። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ኤልያስን እግዚአብሔር አናግሮት ነበር፤ እኔን ማንም አላናገረኝም፣ ጥጋብ ነው እንጂ። ለሌላ አባት ተናዝዤ፣ የታዘዝኩትን ጾሜ፣ ሰግጄ ጨርሻለሁ። አልቀለለኝም። «አባ፣ ይፍቱኝ» ማለት የነበረብኝ እሳቸውን ነው። እሳቸው ደግሞ የሉም።