ያለ ዘፋኝ የሠራነው አልበም

ታላቅ ወንድሜ ጊታር የጀመረው በቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን ቡድን ውስጥ ነው፤ እኔም እዚያው ኪቦርድ እጫወት ነበር። እሱ ዛሬ ሬኮ አካባቢ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ነው። እኔ ዲላ ሒሳብ አስተምራለሁ። ቤዝ ጊታር የሚጫወትልን ጓደኛችን የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ድራመራችን በዲላና በይርጋጨፌ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። አራታችን በየቅዳሜው እየተገናኘን ሦስት ዓመት ጃዝ ተለማመድን። "ዘፋኛችሁ የታለ?" የማይለን ሰው አልነበረም።

እናታችን ወንድሜ በሚሠራበት በዚያው ጣቢያ፣ ቡናው በሚሰጣበት አልጋ ዙሪያ ቆማ እየለቀመች ነው ያሳደገችን። ሴቶቹ እየለቀሙ የሚቀባበሉት ዜማ አለ። ወንድሜ አስፈቅዷቸው በስልኩ ቀዳው። ኪቦርድ ላይ ለማምጣት ብዙ ተቸገርኩ፤ አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ታነሣዋለችና። በመጨረሻ ለሁለት ተካፈልነው፦ እሱ በጊታር ያወጣል፣ እኔ ሳይጨርስ እቀበለዋለሁ።

ለመቅዳት አዲስ አበባ ሄድን። እውነተኛ ፒያኖ ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር። ቁልፎቹ ከበዱኝ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ሳበላሽ ዋልኩ። የስቱዲዮው ባለሙያ ታግሶኝ ነበር። ከምሳ በኋላ እጄ ሲላመድ ግን ወንድሜን ጠራና፣ "ጊታሩና ፒያኖው ጥሩ ነው። ድራሙን ግን እዚህ የሚሠራ ልምድ ያለው ልጅ ይምታላችሁ" አለው።

ድራመራችን ሰማ። ዱላዎቹን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ተነሣ።

ወንድሜ ብዙ ጊዜ ሲናገር አይሰማም። ያን ቀን ግን፣ "ይሄ ዜማ የት እንደሚተነፍስ የሚያውቀው እሱ ነው። አራት ሆነን መጥተናል፣ አራት ሆነን እንቀዳለን" አለ። ከዚያ ወደ ድራመሩ ዞረ፦ "ተቀመጥ ወንድሜ። እኔን ተወኝና እህቴን ተከተል።"

አንዴ ተጫወትነው፤ መድገም አላስፈለገም። ባለሙያው ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ለድራመሩ እጁን ዘረጋለት። "የት ነው የተማራችሁት?" አለን።

"ዲላ!" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

አልበሙ የወጣ ሰሞን ጣቢያው ሄደን ለሴቶቹ በስፒከር ከፈትንላቸው። ከፊት ያሉትን ሙዚቃዎች እየለቀሙ አሳለፏቸው። የእነሱ ዜማ ሲመጣ እናቴ እጇን ከቡናው ላይ አነሣች።

"ይሄማ የኛ ነው!" አለች በጌዴኦኛ። ትንሽ አዳመጠችና፣ "ግን አቻኮላችሁት" ብላ ጨመረች።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሳቁን ሰምቶ ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጣ። እናቴ ቀና ብላ፣ በዚያች በምትችላት አማርኛ፣ "የምትሰማው ልጆቼን ነው። ሁለቱም የኔ ናቸው" አለችው። ከዚያ በፊት እሱን ቀና ብላ ስታናግር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ስፒከሩን አስጠፋችንና ዜማውን በራሷ እርምጃ ከመጀመሪያው አነሣችው። ወንድሜ ጊታሩን ሊያመጣ ወደመጣንበት ሚኒባስ ሮጠ።