ከስቶክዌል ሮተርዳም፦ ለቤተ ክርስቲያን በር እንጨት ፍለጋ

ረቡዕ ማለዳ ከለንደኑ ብሪክስተን በወይንሸት ቫን ተነሣን። ወይንሸት አናጢ ናት። አጠገቡ ስቶክዌል ያለው ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ በር ሊያሠራ ነው፤ ሥራው ለእሷ እንዳይሰጥ ያገደው የእንጨቱ ነገር ብቻ ነው። ኮሚቴው አዲስ የአፍሪካ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ለበር ተብሎ ደን እንዲቆረጥ አትፈልግም፤ ሆላንድ ውስጥ አገልግሎ የወጣ እንጨት እንደሚሸጥ ሰምታለች። የኮሚቴው ሊቀ መንበር እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ፣ «ለእግዚአብሔር ቤት ሰልባጅ ልታመጪ ነው?» ብለው በሰው ፊት አሳፍረዋታል።

እኔ የተከተልኳት እንግሊዝም ሆላንድም የሞቃት አገር ደን በማግበስበስ አንድ መሆናቸውን ለመጻፍ ነበር። መደምደሚያዬን ገና ከቤት ሳልነሣ ጨርሼው ነበር፤ ብዙ ተጓዥ ጸሐፊ የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ከከተማው ሳንወጣ

ምሥራቅ ለንደን አንድ እንጨት ቤት ገባን። ለበርና ለመስኮት የሚሆን፣ ቀይ ሐር የመሰለ የካሜሩን ሳንቃ ተደርድሯል። ሻጩ፣ «እኛ ጋ ከሚደርሰው ብዙው መጀመሪያ ቤልጅግና ሆላንድ ነው የሚራገፈው» አለን።

«እንግዲያው ጋሼ፣ ከምንጩ እንጠጣ» አለችኝ ወይንሸት።

መርከብ ላይ

ጾም ስለሆነ ድንች ጥብስ ብቻ በላን። ሰባት ፓውንድ! ጾሙን ያከበደው ረኃቡ ሳይሆን ዋጋው ነው።

ሮተርዳም

ከወደቡ አጠገብ አዲስ ግንድ ሲራገፍ አየሁ፤ ሆላንዶችም ቅዱሳን አይደሉም ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። የምንፈልገው የአሮጌ እንጨት መሸጫ ግቢ ቦይ ዳር ነው። ሚስማሩ ተነቅሎ፣ በየውፍረቱ ተለይቶ የተከመረ ጥቁር እንጨት ሞልቶታል።

«ይኼ የቦይ በር ነበር» አለን ባለቤቱ፣ ቀይ ፊት ያለው ሽማግሌ። «ከካሜሩን ነው የመጣው። አባቴ ልጅ ሳለ ጀምሮ ውኃ ሲያግድ ኖሯል።»

ወይንሸት መላጊያዋን አንዴ አሳለፈችበት። ከጥቁሩ ሥር ደም የመሰለ ጤነኛ እንጨት ብቅ አለ። ፊቷ በራ። እኔ ማድነቅ አልወድም፤ ግን ለንደን ኪልበርን መንገድ ላይ ደህና በር ከነመቃኑ ቆሻሻ ውስጥ ተጥሎ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ? የሄድኩት የትኛው አገር ብዙ ያስገባል ብዬ ልፈርድ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን የትኛው አገር ያስገባውን ዕድሜውን ጠብቆ ይጠቀምበታል የሚለው ጥያቄ በለጠብኝ። ሆላንዶች፣ ሳልወድ በግዴ፣ አስደነቁኝ።

ስቶክዌል፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ወይንሸት ለናሙና ያመጣችውን ቁራጭ ይዛ እትዬ አስካለ ፊት ቆመች።

«ይኼው ሰልባጁ፣ እትዬ፤ የቦይ በር ሆኖ ውኃ ሲያግድ የኖረ። ይያዙት።»

ተቀበሏት፤ ሊያመልጣቸው ነበር። «ኧረ ይኼ ብረት ነው!» አገላብጠው አዩት፤ በጥፍራቸው ጫሩት። «ይኼ ሁሉ ዘመን ውኃ ውስጥ ኖሮ አልበሰበሰም?»

«እንደሚያዩት ነው።»

ቁራጩን ታቅፈው ወደ አሮጌው በር ዞረው አዩ። ወይንሸት መሬት መሬቱን ታያለች።

«እኛስ ብንሆን» አሉ በመጨረሻ፣ «ጉልበታችንን ሌላ ቦታ ጨርሰን፣ ስናረጅ አይደል እዚህ ደጅ የምንጠናው? እንጨቱን ማን ከልክሎት!»

 ወይንሸት ሜትሯን ከኪሷ አውጥታ ወደ በሩ ሄደች።