የሚጮኸው ፋን

ሽማግሌው ኮምፒውተራቸውን እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልለው ወደ ጥገና ሱቁ ገቡ። ቴክኒሻኑ ገና ሲሰካው ፋኑ እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ወረፋ የያዙት ሳቁ። እሳቸው ግን ፎጣውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና፣ ልጁን ሐኪም ፊት እንዳቀረበ አባት ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ሸሚዛቸው በወግ ተተኩሷል፤ ቁልፎቹ ግን አንዱ በቀይ፣ አንዱ በአረንጓዴ፣ ሌላው በጥቁር ክር ነው የተተከሉት።

«አባባ፣ በያዙት ገንዘብ ሁሉም አይሆንም» አለ ቴክኒሻኑ። «ወይ ሜሞሪ እንጨምርለት፣ ወይ ሃርድ ዲስኩን እንቀይረው። እኔን ከሰሙኝ ዲስኩ ይሻላል፤ እንደ ኤሊ የሚጎተተው በእሱ ነው።»

«አንተ ታውቃለህ ልጄ። የሰው ጽሑፍ ተይቤ ነው የምኖረው፤ ብቻ ይፍጠንልኝ።»

አንጀቱን በሉት። «እንግዲያው ፋኑን በነፃ እቀይርልዎታለሁ። ያገለገለ አለኝ፤ ድምፅ የሚባል የለውም።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እሱንስ እንዳትነካብኝ!»

«ኧረ ጎረቤት ይረብሻል፣ አባባ!»

«ይረብሽ! ባለቤቴ ዓይኗ አያይም። እሱ ሲጮህ እዚያው ቤት ውስጥ መሆኔን ታውቃለች፤ ስፌቷን ይዛ ቁጭ ትላለች። ዝም ያለ እንደሆነ ግን ደንግጣ ‹አለህ?› ትለኛለች።»

የቴክኒሻኑ ዓይን በየቀለሙ ክር በተተከሉት የሸሚዛቸው ቁልፎች ላይ አረፈ። የፋኑን አቧራ በብሩሽ ጠርጎ መልሶ አሰረው፤ ክዳኑን ከመግጠሙ በፊትም ጆሮውን አስጠግቶ፣ እንደ ድሮው መጮሁን አረጋገጠላቸው።