የተገላበጠው ሽቦ

አባባ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቦንጋ ያለው ቤቴ ጎራ ይሉ ነበር። አሮጌውን አምፕሊፋየሬን እከፍትላቸዋለሁ፤ እሳቸውም በሁለቱ ስፒከሮች መሀል ወንበር ስበው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ያን ጊዜ ከእኔ ሌላ ልጅ ያላቸው አይመስለኝም ነበር።

በኋላ ሺሺንዳ እየተመላለሰ ማር የሚነግደው ታናሽ ወንድሜ አዲስ አምፕሊፋየርና ቁመታቸው ደረቴ የሚደርስ ሁለት ስፒከሮች ገዛ። ለዓመታት ስመኘው የኖርኩትን ዕቃ! እሱ እኮ አንድ ዘፈን ቁጭ ብሎ የመስማት ትዕግስት የለውም።

"ጋሼ፣ ካንተ ሌላ ማን ይገጥምልኛል?" ብሎ ጠራኝ።

ቤቱ ስደርስ አባባ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። አንዱን ስፒከር እየዳበሱ "ልጄ ዕቃ ያውቃል!" አሉ፤ ስለ እሱ ነው። እኔ መሬት ተንበርክኬ ሽቦ በምላጭ እልጣለሁ።

የቀኙን ስፒከር በትክክል ገጠምኩ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። ግራው ላይ ስደርስ ግን ቀዩን ጥቁሩ ቦታ አሰርኩት። እንዲህ ሲሆን የሚቃጠል ነገር የለም፤ ሁለቱም ይጮኻሉ። ግን አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ይጠፋል። ወንድሜ አልለየውም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጨፈረ። አባባ ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ። ደስ እያለኝ ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሁድ አባባ የወንድሜን ዕቃ ድምፅ ጠልተው ወደ እኔ ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልመጡም። ሰኞ ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

"ወዴት ነው፣ አባባ?"

"ሐኪም ቤት። ጆሮዬ ሊደክም ነው መሰለኝ። በወንድምህ ዕቃ ስሰማ ዘፈኑ ሁሉ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይለኛል። እሱ ደህና ነው ይላል። እንዳትነግረው፣ ያዝናል።"

"ጆሮዎ ደህና ነው። ሽቦውን ያገላበጥኩት እኔ ነኝ።"

"ተሳስተህ?"

አዎ ብል ያምኑኝ ነበር። "ሆን ብዬ ነው" አልኳቸው።

"ና" ብለው ፊት ፊት ሄዱ። ወንድሜ በሩን ሲከፍት "ንገረው" አሉኝ። ነገርኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ግን አቋረጠ።

"ለምን፣ ጋሼ?"

"ቀናሁብህ።"

የግራውን ሽቦ ፈትቼ ደግሜ በትክክል ገጠምኩት። ቤዙ ሲመታ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። አባባ "ይኸው! ይኸው!" እያሉ ጉልበታቸውን መቱ።

ወንድሜ አልተጣላኝም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሽቦውን የሚነካው ራሱ ነው። አባባም እሁድን እዚያው ያሳልፋሉ። እኔም ሄጄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ድምፁ ከእኔው በብዙ ይበልጣል፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።