ውጤቱ እስኪመጣ

ልብስ ሰፊዋ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብና ትከሻ ስትለካ ኖራ፣ የገዛ ገላዋን ልብ ብላ የዳበሰችው አንድ ቀን ስትታጠብ ነው። ግራ ጡቷ ሥር የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጠጣር ነገር ጣቷን ያዘቻት።

ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ወሰደና ውጤቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንደሚደርስ ነገራት። ካንሰር ነው ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል አላት። ከመርፌው ይልቅ ያቺ መልስ አመመቻት።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ማለዳ ወጥቶ አመሻሽ ላይ ይገባል። እናም ታናሽ እህቷ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳ ልታግዛት ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ቤተሰቡ ሚጢጢ ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷት፣ በቁመትም ታላቋን በልጣ፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሰፊዋ እህቷን እየመረቀች ዋለች። በአራተኛው ቀን አመሻሹ ላይ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የደንበኛ ሱሪ ስታሳጥር፣ ባሏ ወጥ ቤት ውስጥ ከሚጢጢ ጋር ሲስቅ ሰማችው። እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀረ። እሷን ከሐኪም ቤት ከተመለሱ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግራት። ለካስ ሳቁ አልጠፋበትም፤ የሚስቅበትን ሰው ነው የለወጠው።

ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ከሚጢጢ ላይ አልነቀል አለ። ደረጃውን እየዘለለች ስትወጣ አየቻት። ማንም በመርፌ ያልነካው ደረቷን አየች። ከሁሉ የከፋት እንቅልፏ ነበር፤ ሚጢጢ ምሳ በልታ ጋደም ካለች ወዲያው ጭልጥ ትላለች፣ ሰፊዋ ግን ሸለብ ሊያደርጋት ሲል ያቺ እብጠት ታባንናታለች። ሚጢጢ ፎጣዎቹን ወደ ሌላ መደርደሪያ አዛውራቸው፣ ባሏ ቦታቸውን ሳይጠይቅ ሲያገኝ አየች። የሰባት ዓመት ልጇን ደግሞ ፀጉሯን ልትሠራት ስታስቀምጣት፣ “እንደ አክስቴ አድርገሽ ሥሪኝ” አለቻት። እኔ ብሞት እዚህ ቤት የሚጎድል ነገር የለም፣ ስትል አሰበች።

በዘጠነኛው ቀን ልብስ አድርሳ ስትመለስ ሚጢጢን የእሷን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ አገኘቻት። ልብስ ስታጥብ የራሷ ርሶባት ነው።

“ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት?” አለች ሰፊዋ። “ገና አልሞትኩም።”

“ምን ማለትሽ ነው እትዬ?”

“ባሌ ወጥ ቤት ከአንቺ ጋር ሲስቅ ሰምቻለሁ፤ ልጄም ለምዳሻለች። የቀረሽ አልጋዬ ብቻ ነው።”

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ራሷም ደነገጠች፤ ግን ልትመልሰው አልቻለችም። ሚጢጢ ገብታ ቀሚሱን ቀየረች፣ አጣጥፋም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወንበር ስባ እፊቷ ተቀመጠች።

“ያን ቀን ወጥ ቤት ምን እንዳሳቀው ልንገርሽ?” አለቻት። “ሦስት ፌርማታ ሳይቆም አልፎ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሲጮህበት አልሰማም ነበር። እየሳቀ ይነግረኝ ጀመር፣ ሲጨርስ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ያለቅስ ነበር። አንቺ ሳቁን ብቻ ነው የሰማሽው። ከአንቺ ፊት እንዳያለቅስ ነው ወጥ ቤት የሚሸሸው።”

ሰፊዋ እህቷን ይቅርታ ጠየቀች፣ ተቃቅፈውም አለቀሱ። ቅናቷ ግን በዚህ አልበረደም፣ እንዲያውም ባሰባት። ሳቁንስ ይሁን፣ እንባውን ለምን ለሌላ ሰው ይሰጣል? ባሏ ማምሻውን ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ያዘችው።

“ማልቀስ ሲያምርህ እኔ ዘንድ አልቅስ” አለችው። “ሕመሙ የእኔ ነው፣ እንባውም የእኔ ነው።”

ሰውየው በሩ ሥር እንደቆመ ሚጢጢን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ትከሻዋ ላይ ተደፋ። የቀሩትን ሦስት ቀናት ሁለቱ እኩል ፈሩ፤ ለእሷም ፍርሃቱ ቀለል አላት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ እብጠቱ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ለክትትል ግን ከስድስት ወር በኋላ መመለስ እንዳለባት ነገራት። ባሏ ሐኪሙን ሁለት ጊዜ አስደገመው።

ሚጢጢ በሳምንቱ ስትሄድ ልጅቷ ቀሚሷን ይዛ አልለቅም ብላ አለቀሰች። ሰፊዋን ያቺው ቅናት ቆንጠጥ አደረገቻት።

“ለእኔ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም” አለች ለባሏ።

“አንቺ የት ሄደሽ ታውቂያለሽ?” አላት።